በአንኮበር ወፍጮ ቤት መኪናዬን ቻርጅ ለማድረግ የበቃሁበት መንገድ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ፣ እኔም ባለ 38 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ሻጩ አንዴ ከሞላ 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ስላለኝ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130፣ ከዚያ እስከ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የወላጆቼን መንገድ ደርሶ መልስ እችለዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ያላሰብሁት አቀበቱን ነው። ከነጓዙ 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ የደጋው ብርድና ነፋስም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። መንደሩ ስደርስ የቀረኝ ከሩብ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር።

በዚያ ምሽት ቻርጀሩን በወላጆቼ ቤት ሶኬት ላይ ስሰካው ቀይ መብራት አብርቶ አልሠራም አለ። ብልሽት መስሎኝ ሻጩን በስልክ ስነዘንዝ አመሸሁ፤ ኋላ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንዳስረዳኝ ግን ቤቱ የመሬት ሽቦ (የሚያመልጥ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) አልነበረውም፣ ቻርጀሩም ያለ እርሱ ላለመሥራት የተሠራ ነው። እርጥበት በማያጣው ጓሮ የመዳብ ዘንግ ቀበርንና መብራቱ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ችግሩ ግን በዚህ አላበቃም፤ በ10 አምፔር ባትሪውን ከባዶ ለመሙላት ከ17 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል፣ ማታ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሲጥድ ኃይሉ ስለሚወርድ ሰዓቱ ይባሱን ይረዝማል። በሁለተኛው ጉዞዬ ያመጣሁት ቀጭን ማስረዘሚያ ገመድ መቅለጥ ሲጀምር፣ ሽታው እናቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሶ ከቤት አስወጣት።

መፍትሔውን ያገኘሁት እህል ላስፈጭ ወፍጮ ቤት በሄድሁበት ቀን ነው። ወፍጮው በባለ ሦስት ፌዝ መስመር፣ ማለትም ከቤት መስመር የበለጠ ኃይል በሚሸከም መስመር ይሠራል፤ ገመዱ ወፍራም ነው፣ ትራንስፎርመሩ ቅርብ ነው፣ ማታ ማታ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ያድራል። ለቻርጅ የሚሆን መስመር በመንደሩ ውስጥ አስቀድሞ ተዘርግቶ ሳለ፣ እኔ ለወራት በቤት ሶኬት ስታገል ኖሬአለሁ። ባለቤቱ አዛውንት ሐሳቤን ከሰሙ በኋላ፣ «ልጄ፣ ገብስ በኪሎ እናስከፍላለን፤ ያንተን መኪና በምን እንሰፍረዋለን?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ከገመዱ የበለጠ አስቸጋሪ ነበር። በመጨረሻ ከዋናው ቆጣሪ ቀጥሎ ትንሽ ቆጣሪ ለብቻ አስገብተን፣ ያነበበውን በኪሎ ዋት ሰዓት ከነድካማቸው ዋጋ እንድከፍል ተስማማን። መስመሩን የዘረጋው ባለሙያ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ አድርጎለታል፤ በ32 አምፔር ወደ 7 ኪሎ ዋት ስለሚሰጥ፣ ማታ የሰካሁት መኪና ጎሕ ሳይቀድ ይሞላል።

የተሳሳትሁበት ሌላም ነገር አለ። መጀመሪያ የራሴን ቻርጀር ግድግዳው ላይ አስሬ ለመተው አስቤ ነበር፤ ይሁንና በበዓል ሰሞን የመጣ አንድ እንግዳ መኪናው የአውሮፓ ዓይነት መሰኪያ ስለነበረው፣ ለቻይና መኪና የተሠራው የእኔ ገመድ አልገጥም አለው። ስለዚህ አሁን ግድግዳው ላይ ያለው ወፍራሙ የፋብሪካ ሶኬት ብቻ ነው፤ ቻርጀሩን እያንዳንዱ ሰው ይዞ ይመጣል። ሁለት መኪና በአንድ ሌሊት ሲገናኝ ተራው የሚያዘው የወፍጮው ወረፋ በሚመዘገብበት ደብተር ነው፤ በክረምት መብረቅ ሲያጉረመርም ደግሞ ሁሉም ይነቀላል።

ወደ ዓሊዩ አምባ ቆላ ለሚወርድ ሰው ግን ባትሪውን ጢም አድርጎ እንዳይሞላ እመክራለሁ። በቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ መኪናውን ይይዛል፣ ባትሪውንም ይመግባል፤ ሙሉ ባትሪ ግን የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። እኔ 85 ከመቶ ላይ እነቅላለሁ።