ከርነሌን ያስቸገረው አሰምብለሩ ሳይሆን ሊንከሩ ነበር

ባለ64 ቢት ከርነሌ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) በግራብ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ከርነሉን በሚጭነው ቡትሎደር፣ አማካይነት ተነሥቶ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት በስክሪኑ ላይ ስላሳየኝ፣ እዚህ ድሬዳዋ ተመሳሳይ ሥራ ለጀመራችሁ ጓደኞቼ ስለ መሣሪያዎቹ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

የቡት ሴክተሩን ጉዳይ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት፣ ማለትም ቡት ሴክተሩን፣ በሜሞሪ አድራሻ 31744 ላይ ይጭናል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች 85 እና 170 ካልሆኑ ግን ዲስኩን ለማስነሻነት አይቀበለውም። ይህን አንድ ጊዜ በእጅ መጻፍ ያስተምራል። ከዚያ በኋላ የራስን ቡትሎደር ማሻሻል ከርነሉን ከመጻፍ መሸሽ ነው ባይ ነኝ።

ከአሰምብለሮቹ፣ ማለትም የአሰምብሊ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ ከሚቀይሩት ፕሮግራሞች፣ ናስምን መርጫለሁ። የኢንቴልን አጻጻፍ ስለሚከተል በእያንዳንዱ ትእዛዝ የዳታው መድረሻ ከምንጩ ይቀድማል፤ ሌላው አሰምብለር ጋስ ካልታዘዘ በቀር ምንጩን ያስቀድማል። የናስም መመሪያ ደግሞ አውርደው የሚያስቀምጡት ሰነድ ስለሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራ አይቆምም። ፋስም የሚባለውን ሦስተኛ አሰምብለር በቅጡ ስላልሠራሁበት ስለ እርሱ የምመክረው የለኝም። ጂሲሲን (የሲ ቋንቋ ኮምፓይለሩን) ከምንጭ ኮዱ መገንባት በድሬ የቀን ሙቀት ለአሮጌ ላፕቶፕ ቅጣት በመሆኑ ለሌሊት አቆየዋለሁ፤ በአሰምብሊ ብቻ የሚጽፍ ሰው ግን ከናስም ሌላ ቢንዩቲልስ የሚባለው የመሣሪያዎች ስብስብ ይበቃዋል፣ እርሱም በጣም ፈጥኖ ያልቃል።

ዋናው ፈተና የመጣው ግራብ የመልቲቡት ራስጌ (ከርነሉን የሚለይበትን ምልክት) አላገኘሁም ብሎ እምቢ ባለ ጊዜ ነው። በመልቲቡት 2 ደንብ መሠረት ራስጌው በፋይሉ የመጀመሪያ 32768 ባይት ውስጥ፣ በ8 ባይት ልክ ተስተካክሎ መገኘት አለበት፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ቁጥሮቹም ሲደመሩ በ32 ቢት ዜሮ መስጠት ይኖርባቸዋል። ድምሩን አረጋገጥሁ፣ ትክክል ነው። ያንኑ ራስጌ በጋስ ደግሜ ጻፍሁትና ሁለቱ አሰምብለሮች ያወጧቸውን ኦብጀክት ፋይሎች የፋይል ይዘት በሚያሳየው በኦብጅደምፕ ከፍቼ የራስጌውን ባይቶች አስተያየሁ፤ አንድም ልዩነት የለም። በዚህ አሰምብለሩ ከክሱ ነጻ ወጣ።

ከዚያ ሊንከሩ (ኦብጀክት ፋይሎችን ወደ አንድ የሚያጣምረው ፕሮግራም) ያወጣውን ፋይል የፋይል አወቃቀር በሚያሳየው በሪድኤልፍ፣ በሰረዝ ኤል ትእዛዝ፣ ስመለከተው የመጀመሪያው ሴግመንት (ወደ ሜሞሪ የሚጫን ክፍል) በፋይሉ ውስጥ የሚጀምረው ከባይት 1048576 ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ሊንከሩን በሚያዘው ፋይል፣ በሊንከር ስክሪፕቱ፣ ከርነሉ ሜሞሪ ላይ ከ1 ሜጋባይት እንዲጀምር ታዟል፤ የምጠቀምበት ሊንከር ደግሞ ትልቁን የገጽ መጠን 2 ሜጋባይት አድርጎ ስለሚይዝ፣ የፋይሉ ቦታና የሜሞሪው አድራሻ ለ2 ሜጋባይት ሲካፈሉ ቀሪያቸው እኩል እንዲሆን መካከሉን በባዶ ባይቶች ይሞላዋል። ራስጌው ስለዚህ ግራብ ከሚፈልግበት ክልል እጅግ ርቆ ተቀምጧል። ለሊንከሩ የገጹ ትልቁ መጠን 4096 መሆኑን ስነግረው ሴግመንቱ ወደ ባይት 4096 ተመለሰ፤ ግራብም ወዲያው ተቀበለው። ሰረዝ ኤን የሚለው ትእዛዝም ይህን አሰላለፍ ስለሚያስቀር ያው ውጤት አለው።

ስለዚህ ናስም ይሻላል ወይስ ጋስ እያሉ ከመከራከር በፊት ሪድኤልፍን ማንበብ መልመድ ይበልጣል። ግራብፋይል የሚባለውን መሣሪያም የግንባታ ትእዛዞቹ በሚጻፉበት ሜክፋይሉ ውስጥ አስገቡት፤ ራስጌው በቦታው ከሌለ ኪውኤሙ (ኮምፒውተርን አስመስሎ የሚያሠራው ፕሮግራም) ሳይከፈት ያሳውቃችኋል። በጋስ የምትጽፉ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ናስም የማያውቀውን የሴክሽን (የኮድ ወይም የዳታ ክፍል) ስም ሜሞሪ ላይ የሚጫን አድርጎ ይወስደዋል፤ ጋስ ግን የ«ኤ» ምልክቱን በግልጽ ካልሰጣችሁት አያደርገውም።

አሁን የደረስሁት ኢንተራፕቶቹ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከሥራው የሚያቋርጡት ጥሪዎች፣ ላይ ነው። ከ0 እስከ 31 ካሉት ኤክሴፕሽኖች (ፕሮሰሰሩ ራሱ ስሕተት ሲገጥመው ከሚያነሣቸው ጥሪዎች) እንደ 8፣ ከ10 እስከ 14 እና 17 ያሉት የስሕተት ቁጥር ስታክ ላይ ስለሚያስቀምጡ፣ ለማያስቀምጡት በናስም ማክሮ ዜሮ እየገፋሁ ሁሉንም አንድ ቅርጽ አስይዣቸዋለሁ። ኪቦርዱን ገና አልነካሁትም፤ እንደ ኪቦርድ ካሉ መሣሪያዎች የሚመጡትን ኢንተራፕቶች የሚያስተናግደው የ8259 መቆጣጠሪያ የመጀመሪያዎቹን ስምንት መስመሮች በባዮስ ልማድ ከ8 እስከ 15 ስለሚያደርጋቸው ከኤክሴፕሽኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ አስቀድሜ ወደ 32 ማዛወር አለብኝ።