እናትየዋ ትዳን አሉኝ

የእናት ወይም የአባት ከባድ ሕመም ስለገጠማቸው ታዳጊዎች ልቦለድ ልትጽፉ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እኔ የጻፍኩት ልቦለድ ታሪኩ ኮምቦልቻ ነው፤ አንድ የ16 ዓመት ልጅ፣ ታናሽ እህቱና ኩላሊቷ ሥራ ያቆመ እናታቸው። መረጃ ማሰባሰቡ አልከበደኝም። አስታማሚዎችን አነጋገርኩ፣ ማታ ማታ ጻፍኩ፣ አንድ የአማርኛ መምህር አረሙልኝ።

መጽሐፉን መጽሐፍ ያደረገው ግን አንዲት ነርስ የነገረችኝ የውሃ ጥም ነው። ኩላሊት ሲደክም ሽንት ይቀንሳል፤ የተጠጣው ሰውነት ውስጥ ይቀርና እግር ያሳብጣል፣ ሳንባ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ያሳጥራል። የተለመደው የኩላሊት እጥበት፣ ማለትም ደምን በማሽን ማጣራት፣ በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ነው። በመካከሉ ባሉት ቀናት ውሃ በልክ ነው፤ ሻይም፣ ሾርባም፣ ቡናም ከልኩ ይቆጠራል። ጎረቤት «አብሽሪ፣ አንድ ስኒ ምን ያደርጋል?» እያለ ከአቦል እስከ በረካ ሲያስጠጣት ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስኒ ይቆጥራል። ታሪኩን ወደ ደሴ ብርድ ያልወሰድኩት ለዚህ ነው፤ በኮምቦልቻ ሙቀት መጠማት ሌላ ነው።

ልጁ የእናቱ ውሃ ጠባቂ ሆነ። ጠዋት ለክቶ ይሰጣትና ጆጉን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎበት ትምህርት ቤት ይሄዳል። ታካሚ ከእጥበት በፊት ይመዘናል፤ የሐረጎን ዳገት አልፈው ለእጥበት ደሴ ሲደርሱ ተደብቃ የጠጣችውን ሚዛኑ ያወጣባታል። ያን ዕለት ማታ ጆጉን ጢም አድርጎ ሞልቶ ፊቷ ያስቀምጥና «እንኪ፣ ጠጪና ሙቺ!» ይላታል። አታለቅስም። «ግማሹን መልሰው» ነው የምትለው።

ከጻፍኩት ሁሉ የምኮራበት ይህ ገጽ ነው። መከራዬንም ያበላኝ እሱ ነው።

ትምህርት ቤቶች መጽሐፉን እንዲቀበሉት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባልኩና ረቂቁን ወደ አንድ ቢሮ ወሰድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ለገምጋሚ ተመርቷል። ገምጋሚው መስክ ወጥተዋል። ወራት አልፈው ሲገኙ፣ ያነበቡት ያንን ገጽና መጨረሻውን ብቻ ይመስላል።

«እህቴ፣ የእኛ ልጅ እናቱን እንዲህ አይልም፤ ባህላችን አይደለም። እናትየዋም ትዳን። ለታዳጊ ተስፋ ነው የሚያስፈልገው።»

«ጋሼ፣ አልሞተችም እኮ፤ እየታጠበች ትኖራለች።»

«እሱ ተስፋ አይባልም። ልጁ ኩላሊቱን ይስጣት።»

አገራችን ውስጥ ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል መጀመሩን፣ የሚለግሰውም ለአካለ መጠን የደረሰ ዘመድ መሆኑን አስረዳኋቸው። ልጁ ገና 16 ነው፤ መስጠት እየፈለገ አለመቻሉ ነው የሚያንገበግበው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልቦለድ አይደል? 18 አድርጊው።»

እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። እናቱ የታመመችበት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ያንን ቢያነብ ምን ይማራል? ጎበዝ ልጅ ኩላሊቱን ሰጥቶ እናቱን ያድናል፤ የእኔ እናት ካልዳነች ጥፋቱ የእኔ ነው። ተስፋ ብለው ሊያሸክሙት የፈለጉት ይህንን ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ለታዳጊዎች የሚሰጥ ምክር» የሚል ገጽ ጨምሪ አሉኝ። አልጨመርኩም። ደብዳቤውም ቀረ።

ቢሮው ሲያመላልሰኝ ረቂቁን ለጥቂት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሰጥቼ ነበር። አንዷ ስትመልስልኝ ያ ገጽ ጥጉ ታጥፏል። «አባቴ ስኳር አለበት። ሻዩ ላይ ስኳር ሲጨምር አይቼ፣ እግርህ ይቆረጥ ብዬዋለሁ» አለችኝ። ለማንም ተናግራው አታውቅም ነበር። ቀጥላም «ታናሽ እህቱን ለምን ዝም አሰኟት? ትንንሾቹ እኮ ሁሉን ይሰማሉ» ብላ ጠየቀችኝ። ለታናሽየዋ አንድ ምዕራፍ ጻፍኩላት፤ ከመጽሐፉ ሁለተኛው የምወደው እሱ ነው።

ስለዚህ «መጀመሪያ አስገምግሙ» ሲሏችሁ አትስሙ። መጀመሪያ ልጆች ያንብቡት፤ ቤታቸው ታማሚ ያለባቸው ደግሞ በተለይ። የልጁን ቁጣ አታለሳልሱት፤ ያስታመመ ልጅ ውሸቱን በአንድ ገጽ ይደርስበታል። እኔ በራሴ ገንዘብ አሳትሜ በመምህራን እጅ አዳረስኩት፤ ጠጪና ሙቺም እንዳለ ነው።

የሕክምናውን ክፍል ግን ባለሙያ ሳያነብላችሁ ማተሚያ ቤት እንዳታስገቡ። ጠያቂ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ይመጣል አይደል? ሁለቱም ፖታሲየም ይበዛባቸዋል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደም ውስጥ ሲጠራቀም ልብ እስከማቆም ይደርሳል። በታሪካችሁ ውስጥ ልጅቷ ለእናቷ ሙዝ ልጣ ካጎረሰቻት፣ አንባቢያችሁም ቤቷ ሄዳ ያንኑ ታደርጋለች።