ፍቺውን መሸምደድ ብቻውን አልበቃኝም

ከፍ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን ማጥናት ስጀምር ቃሉን በግራ፣ ፍቺውን በቀኝ ጽፌ መሸምደድ ልማዴ ነበር። «ኢፌመራል» የሚለውን ቃል «አላፊ፣ ብዙ የማይቆይ» ብዬ ብይዘውም በሳምንቱ ከአእምሮዬ ጠፋ። ዳግመኛ ያልረሳሁት «ኤፒ» እና «ሄመራ» ከሚሉ የግሪክኛ ቃላት የተገኘ መሆኑንና መነሻ ትርጉሙም «ለአንድ ቀን የሚቆይ» እንደሆነ ካወቅሁ በኋላ ነው። ክንፍ አውጥተው ከበረሩ በኋላ ብዙዎቹ ከጥቂት ሰዓታት ወይም ቀናት በላይ የማይኖሩ ነፍሳትም «ኤፌመሮፕቴራ» የተባሉት ከዚሁ ሥር ነው።

ከመርሳት ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ቃልን ያለ ቦታው ማዋል ነው። «ዲስኢንተረስትድ» የሚለውን «ግድ የማይሰጠው» ብቻ መስሎኝ ስለ አንድ የተሰላቸ ዳኛ በጻፍሁት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገባሁት፤ ጠንቃቃ ጸሐፊዎች በዚህ ቃል የሚገልጹት ግን የግል ጥቅም የሌለበትንና የማያዳላውን ሰው ነው። ልወቅሰው ያሰብሁትን ዳኛ አመሰገንሁት ማለት ነው! እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚያሳየው ቃሉ የገባበት ዓረፍተ ነገር እንጂ ባዶ ፍቺው አይደለም።

ክለሳውን በተመለከተ፣ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ጊዜ እየተሰጠው የሚከለስ ትምህርት በአንድ ቀን ታጭቆ ከሚጠና የተሻለ እንደሚጸና አሳይቷል። ስለዚህ አዲስ ቃል ሳገኝ ያገኘሁበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ እገለብጣለሁ፤ በማግስቱ፣ በሳምንቱና በወሩ ደግሞ ቃሉን ሸፍኜ፣ ክፍተቱን ከራሴ ለመሙላት እሞክራለሁ።