ስድስት የወርቅ ሳንቲምና አንድ ጓንት

ዛሬ እሑድ ከአራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ስመለስ ሳላስበው እግሬ ወደ ዶሮ ማነቂያ ይዞኝ ሄደ። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ በአጠገቡ በታክሲ ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ፤ ቆሜ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው። አጥሩም፣ በሩም፣ የጋራ ቧንቧውም ስለሌለ፣ ግቢያችን የት ጋ እንደነበረ ለመለየት ከአስፋልቱ ጠርዝ ተነስቼ እርምጃ መቁጠር ጀመርኩ። ሠላሳ ሁለት ላይ ስደርስ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ገባኝና ብቻዬን ሳቅኩ፤ ላለፉት ሦስት ሳምንታት ሳነብ የከረምኩት በሩቅ ደሴቶች ላይ ልክ እንዲህ እርምጃ እየቆጠሩ ዕድሜያቸውን ስለጨረሱ ሰዎች ነበርና።

ንባቡን ያስጀመረኝ የእህቴ ልጅ ነው። በስልክ በሚጫወተው ጨዋታ ውስጥ አንድ የባሕር ወንበዴ ሣጥን ሙሉ ወርቅ በአሸዋ ውስጥ ሲቀብር አይቶ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃኛል ብዬ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገባሁ፤ ቅዳሜዎቼን ሁሉ በላብኝ። ልጁ ሳያውቀው የነካው የቤተሰባችንን የቆየ ነገር ባይሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምኩ ነበር። አያቱ፣ ማለትም አባቴ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ወርቅ ሲፈልግ ቆፍሯል።

ታሪኩን በሰፈሩ የማያውቅ አልነበረም። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከአዲስ አበባ ሲወጣ፣ በቤታችን ይኖር የነበረ አንድ ሹም በሌሊት ከጽዱ ዛፍ ሥር የብረት ሣጥን ቀበረ፤ አሽከሩ በማድ ቤቱ ቀዳዳ አየው፤ አሽከሩ ሊሞት ሲያጣጥር ለአንድ ሰዓት ሠሪ ነገረው፤ ሰዓት ሠሪው ደግሞ የአባቴ ወዳጅ ነበር። ጽዱ እኔ ከመወለዴ በፊት ተቆርጧል። ከብዙ ዓመታት በኋላም አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ወረቀት በእጁ ይዞ እስከ በራችን ድረስ መጥቶ፣ በጊዜው ግቢውን የያዙት ሰውዬ ውሻ ለቀውበት ተመለሰ ይባላል። ያንን ጣሊያን በዓይኑ ያየ አንድም ሰው አላገኘሁም፤ የውሻውን ስም ግን የሚነግሩኝ አሉ።

አባቴ የቆፈረው በ1980 ዓ.ም. በጋ ላይ ነው። ለጎረቤት የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው እያለ፣ ከሥራ ሲመለስ በፋኖስ ብርሃን ዶማና አካፋ ይዞ ይወርዳል፤ እኔም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ አፈሩን በባልዲ እጎትታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጉድጓዱ ከቁመቱ ሲያልፍ አንድ ጠገራ ብርና እጀታው የተሰበረ ማንኪያ ከአፈሩ ጋር ወጡ። በሦስተኛው ሳምንት የማድ ቤቱ ግድግዳ ተሰነጠቀ። እናቴ «ወርቁ ይቅርብኝ፣ ግድግዳዬን መልስልኝ» አለችው፤ ቁፋሮውም በዚያው አበቃ።

ጠገራ ብሩ አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ አባቴ እንዳስቀመጠው በባዶ የቫዝሊን ቆርቆሮ ውስጥ በጥጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። የማሪያ ትሬዛ ጉንጭ በስንት ሰው እጅ ተሻሽቶ ልሙጥ ሆኗል፤ በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉት ትንንሽ ሉሎች ግን፣ ድሮ ሰዎች ብሩን ሲቀበሉ ይቆጥሯቸው የነበሩት፣ አሁንም በጥፍር ሲነኩ ይታወቃሉ። በጀርባው 1780 የሚል ዓመት አለበት። አባቴ ይህን ቁጥር አይቶ ከጣሊያኑም በፊት የተቀበረ ጥንታዊ ሀብት ዘንድ የደረሰ መስሎት እንቅልፍ አጥቶ ነበር። 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ስለሆነ፣ ብሩ ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ዘመን ሲመታ ያው ቁጥር እንደሚቀመጥበት ያን ጊዜ ማን ይንገረው።

ስለ ባሕር ወንበዴዎች ሳነብ የጀመርኩት በካፒቴን ዊሊያም ኪድ ነው፤ ሀብት ስለ መቅበሩ በሰነድ የተረጋገጠበት ወንበዴ እርሱ ነውና። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን መጻሕፍቱ እንዳስቀመጧቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ።) ኪድ በ1699 ከሕንድ ውቅያኖስ ሲመለስ በወንበዴነት እንደሚፈለግ ሰምቶ፣ ቦስተን ከመግባቱ በፊት ከንብረቱ ከፊሉን በሎንግ አይላንድ ጫፍ አጠገብ ባለችው በጋርዲነር ደሴት ላይ ቀበረ። ደሴቲቱ ባለርስቷ ጆን ጋርዲነር ቤት ሠርቶ የሚኖርባት ናት፤ ሣጥኑም የተቀበረው እርሱ እያወቀ ነው። ኪድ በተያዘ ጊዜ አገረ ገዢው ሎርድ ቤሎሞንት ንብረቱን እንዲያስረክብ አዘዘው፤ ጋርዲነርም ያለ አንዳች ክርክር አስረከበ። የተቀበረው ወርቅ መሬት ውስጥ የቆየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው ማለት ነው። ከልዩ ልዩ ቦታ የተሰበሰበው የኪድ ንብረት ሲመዘገብ ከ34 ኪሎ በላይ ወርቅ፣ 73 ኪሎ ያህል ብር፣ የጨርቅ እስርና 57 ከረጢት ስኳር ነበረበት። ስኳሩ ላይ ስደርስ ንባቤን አቋረጥኩ። በአፈ ታሪኩ ሣጥን ውስጥ ስኳር አይገኝም፤ የዘመኑ ወንበዴ የሚዘርፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጨርቅ፣ ስኳርና ቅመማ ቅመም፣ ማለትም ቶሎ ካልተሸጠ የሚበላሽ ሸቀጥ ነበር።

ሁሉም ከወጣ ታዲያ የኪድ ወርቅ ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ የሚፈለገው ለምንድን ነው? መልሱን ያገኘሁት በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ነው። ኪድ ለንደን ላይ ሞት ከተፈረደበት በኋላ፣ በግንቦት 1701 ለእንግሊዝ ፓርላማ አፈ ጉባኤ ለሮበርት ሃርሊ በጻፈው ልመና፣ በሕንድ በኩል 100,000 ፓውንድ የሚያወጣ ሀብት ትቶ እንደመጣና በመርከብ እንደ እስረኛ ቢወስዱት ፈልጎ ለመንግሥት እንደሚያስረክብ ገለጸ። የሰማው አልነበረም። በዚያው ወር በ23ኛው ቀን በቴምስ ወንዝ ዳር ተሰቀለ፤ ገመዱ በመጀመሪያው ተበጥሶ ሁለተኛ ሰቀሉት። ከንብረቱ ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ በግሪንዊች ለአረጋውያን መርከበኞች መጦሪያ ዋለ። እኔ ያንን ደብዳቤ ሳነብ ያየሁት ነፍሱን ለጥቂት ወራት ሊያቆይ የሚለምን ሰው ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን እንደ ካርታ አነበቡት። የጣሊያኑ አሽከር ትዝ አለኝ። በእነዚህ ወሬዎች ሁሉ መነሻ ላይ የሚሞት ሰው መኖሩ እንዲያው የመጣ አይመስለኝም፤ የሞተ ሰው ተመልሶ አይጠየቅም።

ኪድ ከእኛም ደጅ የራቀ አልነበረም። በ1697 በባብ ኤል መንደብ ሰርጥ፣ በፔሪም ደሴት አጠገብ፣ ከየመን ወደብ ከሞካ የሚነሱትን መርከቦች አድብቶ ጠብቋል፤ አጃቢ የጦር መሣሪያ የያዘች መርከብ አባረረችው እንጂ። ከእርሱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ሄንሪ ኤቭሪ የተባለ እንግሊዛዊ በዚያው ሰርጥ አድፍጦ፣ ከመካ የሚመለሱ ምእመናንን ያሳፈረችውን የሙጋሉን ንጉሠ ነገሥት የአውራንግዜብን ታላቅ መርከብ ተከትሎ ዘርፏል። በተሳፋሪዎቹ ላይ የተፈጸመው ግፍ ከወርቁ ይልቅ ሊወራ ይገባው ነበር። ያን ጊዜ ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠዋል፤ ኪድ ሀብቱን በቀበረበት በ1699 ደግሞ ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ንጉሡን ሊያክም ጎንደር ገብቷል። በትምህርት ቤት የተማርኩትን ይህንን ታሪክና የወንበዴዎቹን ተረት አንድ ቀን እንኳ በአንድ ዘመን አስቤያቸው አላውቅም።

ኤቭሪ ከ1696 በኋላ ደብዛው ጠፋ፤ ሀብቱን በደሴት ላይ ቀብሮት ሄደ የሚሉ ብዙ ናቸው። በ2014 ግን በአሜሪካ ሮድ አይላንድ በአንድ የእርሻ ቦታ ላይ በ1693 የመን ውስጥ የተመታ አንድ የብር ሳንቲም ተገኘ፤ ከኤቭሪ ሰዎች እጅ የወጣ ሊሆን እንደሚችል ይታመናል። እኔን ያሳመነኝ ብቻውን መገኘቱ ነው። ዘረፋው በመርከቧ ላይ ለሁሉም በየድርሻው ስለሚከፋፈል፣ ባለድርሻዎቹ በየወደቡ ተበትነው በመጠጥ፣ በቁማርና በልብስ ያጠፉታል። ነገ ስለመኖሩ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ለነገ አይቀብርም።

ደግሞስ ሀብቱን ለመቅበር ሩቅ ደሴት ምን ይሠራል? ተመልሶ ለመውሰድ መርከብ፣ መርከብ ለመንዳት ብዙ ሰው ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ካለ ደግሞ ምስጢር የለም። ኪድ የመረጠው ሰው የሚኖርባትን፣ ለወደብ የቀረበችውን ደሴት ነው። የደሴቲቱ ርቀት የሚጠብቀው ወሬውን ይመስለኛል፤ ሄዶ የሚያጣራ ስለማይኖር።

«ላ ቡዝ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው ፈረንሳዊው ኦሊቪዬ ለቫሰር በ1721 በሬዩኒየን ደሴት አንዲት የፖርቱጋል መርከብ ከነሀብቷ የያዘ ሰው ሲሆን፣ በ1730 እዚያው ሬዩኒየን ላይ ተሰቅሏል። ገመዱ በአንገቱ ሳለ የምስጢር ጽሑፍ ወደ ሕዝቡ ወርውሮ የተረዳው ሀብቴን ያግኝ አለ ይባላል። ጽሑፉ ግን በመጽሐፍ ታትሞ የታየው በ1934 ነው፤ ሰውየው ከሞተ 204 ዓመት በኋላ። ይህንኑ ጽሑፍ የያዘ ሬጂናልድ ክሩዝ-ዊልኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ በሲሼልስ፣ በማሄ ደሴት ቤል ኦምብር በተባለው የባሕር ዳርቻ ላይ በ1949 ቁፋሮ ጀመረ። የባሕሩን ውሃ በግንብ እየገደበ፣ ምልክቶቹን ከግሪኮቹ ጀግና ከሄርኩለስ ገድል ጋር እያዛመደ፣ በ1977 እስኪሞት ድረስ ቆፈረ። ከእርሱ በኋላ ልጁ ቀጠለ። አባቴ ለመትረፉ እናቴን ማመስገን አለብኝ።

ከሁሉም ግን ልቤን የነካው ጀርመናዊው ኦገስት ጊስለር ነው። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ከኮስታ ሪካ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በኮኮስ ደሴት ላይ፣ በ1820 ከሊማ ከተማ ተጭኖ ጠፋ የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን ወርቅ ፍለጋ ከ1889 እስከ 1908 ድረስ ኖረ። ዋሻ በዋሻ ላይ ቆፈረ፤ መንግሥት የደሴቲቱ ገዢ አድርጎ ሾመው፤ ሌሎች ጀርመናውያን ቤተሰቦችም አምጥቶ አሰፈረ። ደሴቲቱን ለቆ ሲወጣ ያገኘው ሁሉ ተደምሮ ስድስት የወርቅ ሳንቲምና አንድ ጓንት ነበር ይባላል። ይህን እንዳነበብኩ የቫዝሊኑን ቆርቆሮ አውጥቼ ከፈትኩ፤ ማንኪያውንም መጣላችን ቆጨኝ። ኮኮስ ከ1978 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነች ዛሬ ዶማ ይዞ የሚገባባት የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ካርታ ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው የይዞታ ማረጋገጫው ነው። በመስቀል ምልክት የወርቅ ቦታ የሚያሳየውን ሌላውን ዓይነት ካርታ በዓለም ሕዝብ አእምሮ ውስጥ የተከለው በዋናነት በ1883 የታተመው የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ልቦለድ ነው። የእኛ ቤት የቀበሌ ቤት ስለነበር አባቴ ሁለቱንም ካርታ ሳያይ ሞተ፤ ሣጥኑ ቢገኝ የማን እንደሚሆን በቤታችን አንድ ቀን እንኳ ተጠይቆ አያውቅም።

ይህን እያሰብኩ ሠላሳ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ወጣት የአትክልት ሠራተኛ የውሃ ጎማውን አስቀምጦ ወደ እኔ መጣ። «ጋሼ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለኝ። እዚህ ተወልጄ ነው ያደግሁት ስለው ፊቱ ፈካ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። መሬቱ ለቱቦ ሲቆፈር በቀን ሠራተኛነት አብሮ እንደነበረ፣ ስካቫተሩ በዚሁ አካባቢ ዋልካውን ሲያነሳ አራት ማዕዘን የሆነ፣ ከሰው ቁመት የሚያልፍ፣ አፈሩ ከሌላው የለሰለሰ የድሮ ጉድጓድ እንዳገኙ ነገረኝ። «ባዶ ነው። የጣሊያን ወርቅ የነበረበት ነው አሉ ሽማግሌዎቹ። የሆነ ሰው ቀድሞን ወስዶታል» አለኝ።

ጉድጓዱን የቆፈረው አባቴ ነው፣ አፈሩንም በባልዲ ያወጣሁት እኔ ነኝ ልለው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ማታ ለእህቴ ደወልኩላት። አባታችን ሲቆፍር የሦስት ዓመት ልጅ ስለነበረች የምታስታውሰው ነገር የለም። ሁሉንም ከነገርኳት በኋላ ጥቂት ዝም አለችና «ታዲያ አባባ ለምን አልነገረንም?» አለችኝ።