ጨለማ ውስጥ ዝም፣ ብርሃን ሲነካው ቆራጭ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ላብራቶሪ ነበርኩ። ያቺ የጄል ፎቶ አሁንም ከዓይኔ አልጠፋችም። ጄል ማለት ዲኤንኤ በኤሌክትሪክ እየተገፋ የሚያልፍበት ለስላሳ ንጣፍ ነው።

ሁለት ትንንሽ ቱቦዎች። ሁለቱም ውስጥ አንድ ዓይነት ክብ ዲኤንኤ፣ አንድ ዓይነት የሩቴኒየም (የብረት ዓይነት ነው) ውህድ። አንዱን በፎይል ጠቀለልኩት፤ ሌላውን ሰማያዊ መብራት ስር አስቀመጥኩት። ከዚያ ሁለቱንም ጄል ላይ ጭኜ ኤሌክትሪክ ለቀቅኩባቸው።

ፎይል ውስጥ የነበረው ዲኤንኤ እንደተጠማዘዘ ነው። ጥቅጥቅ ስላለ ጄሉን ሰንጥቆ ወደ ታች ወርዷል። ብርሃን ያየው ግን ላይ ቀርቷል። አንድ ክሩ ሲበጠስ ጥምዝምዙ ተፈታ፤ ክቡ ሰፋ፤ መንገዱም ጠበበው። ውህዱ ያው፣ ልዩነቱ መብራት ብቻ! ደጋግሜ አየሁት።

ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው ውህዱ ራሱ አይደለም። የብርሃኑን ጉልበት ተቀብሎ አጠገቡ ላለ ኦክስጅን ያቀብላል። ያ የነቃ ኦክስጅን ውሃ ውስጥ ዕድሜው ጥቂት ማይክሮሰከንድ ነው፤ ሩቅ ሳይሄድ ቅርቡ ያለውን፣ በተለይ ከዲኤንኤ አራት ፊደሎች አንዱ የሆነውን ጉዋኒንን፣ ያጠቃል። ዕጢ ላይ ብርሃን እያበሩ የሚያክሙ ሐኪሞችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ኦክስጅን ነው። ብርሃን ያላረፈበት አካል ይተርፋል። ይሄ ነገር ልቤን ይነካዋል።

ነገ ናይትሮጅን አስገብቼ ኦክስጅኑን አስወጣለሁ። ግምቴ ልክ ከሆነ ዲኤንኤው መብራት ስርም ሆኖ ሳይበጠስ ይቆያል።