ገመዱን ማን ይሰካ? በአንድ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ስለ አጋርነት የተማርሁት

የአውሮፕላን ማረፊያውን የካርቦን ልቀት እንድቀንስ ኃላፊነት ሲሰጠኝ በመጀመሪያ ሒሳቡን ሠራሁ። ሒሳቡ በሦስት ይከፈላል፤ ተቋሙ ራሱ የሚያቃጥለው ነዳጅ፣ ገዝቶ የሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ፣ በግቢው ውስጥ ሌሎች የሚያወጡት ልቀት። ሠንጠረዡ ሲሞላ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተደምረው እንኳ ከሦስተኛው አጠገብ እዚህ ግባ የሚባሉ አልነበሩም። አውሮፕላኖቹ የአየር መንገዶች ናቸው። ሻንጣ የሚጎትቱት ተሽከርካሪዎች የምድር አገልግሎት ሰጪዎች፣ ነዳጁ የአቅራቢዎች፣ ምግብ ቤቶቹና ሱቆቹ የተከራዮች ናቸው። ግቡ የእኔ ነበር፤ ግቡ ላይ የሚያደርሰው ሥራ ግን በሌሎች እጅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 በአውሮፓ ተጀምሮ በኋላ ዓለምን ያዳረሰው የአውሮፕላን ማረፊያዎች የካርቦን እውቅና መርሐ ግብርም ይህንኑ ያውቃል። የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች የራስን ልቀት መለካትና መቀነስ ይጠይቃሉ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ለመድረስ ግን በግቢው ውስጥ የሚሠሩትን ሌሎች ድርጅቶች ማሳተፍ ግዴታ ነው። እኔም ወደዚያ ደረጃ ለመሻገር ነበር የተነሣሁት።

ጅማሬዬ ስህተት ነበር። ሁሉንም ባለድርሻ አካላት ሰብስቤ የመግባቢያ ሰነድ አስፈረምሁ። ሰነዱ «በጋራ እንሠራለን» ይላል፤ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚከፍልና ማን እንደሚጠቀም ግን አይናገርም። ሦስት ወር ሙሉ አንዳች ነገር ሳይንቀሳቀስ አለፈ። ቢሮ ተቀምጬ ደብዳቤ መጻፌን ትቼ የሥራውን ቦታ ማየት እንዳለብኝ የገባኝ ያኔ ነው።

አንድ ሌሊት ከማቆሚያ ሜዳው ሠራተኞች ጋር አብሬ አደርሁ። አውሮፕላኑ ገብቶ ቆመ፤ ጎማው ሥር ማገጃ ተደረገ፤ ዋናዎቹ ሞተሮች ጠፉ። ጅራቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ረዳት ሞተር ግን ማፏጨቷን ቀጠለች። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሳለ መብራትና የካቢን አየር የምትሰጠው እርሷ ናት። መካከለኛ መጠን ባለው አውሮፕላን ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ግራም ገደማ ነዳጅ ትወስዳለች፤ አንድ ኪሎ ነዳጅ ሲቃጠል ደግሞ 3.16 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ጥቂት ሜትር ርቆ፣ ከመሳፈሪያው ድልድይ ሥር፣ 115 ቮልትና 400 ኸርዝ ኃይል የሚሰጥ ገመድ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የተተከለ ነው። ማንም አልነካውም።

የፈረቃ ኃላፊውን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በሥራው ያረጁ ሰው ናቸው። «እስቲ ይያዙት» አሉኝ። ገመዱ እንደ ሕፃን ክንድ የወፈረ ነው፤ አንሥቼ ሁለት እርምጃ ስሄድ ትከሻዬን ጎተተኝ። ጫፉ ላይ ያለውን ባለ ስድስት ቀዳዳ መሰኪያ ገልብጠው አሳዩኝ። ሁለቱ ቀዳዳዎች ከመስፋታቸው የተነሣ ገመዱ ሲነቀነቅ ኃይል ይቋረጣል። ኃይል ሲቋረጥ የአውሮፕላኑ ኮምፒውተሮች እንደገና መነሣት አለባቸው፤ አንድ ጊዜ ይህ የደረሰበት አብራሪ ዳግመኛ ረዳት ሞተሩን አያጠፋም። ከዚያ ቀጠሉ፦ «ይህ ሁለት ሰው ይፈልጋል። እኔ አሁን ያሉኝ አራት ናቸው። ሻንጣው ቢዘገይ እንቀጣለን፤ ገመዱ ባይሰካ ግን ማንም አይጠይቀንም።»

ከዚያ ሌሊት በፊት በቀን ሰዓት ከተደረጉት ስብሰባዎች ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ይህ ንግግር ነው። በማግስቱ አንድ ወረቀት ወስጄ ሦስት ዓምድ አሰመርሁ። አየር መንገዱ ገመዱ ሲሰካ ነዳጅ ይቆጥባል፣ የረዳት ሞተሩንም ዕድሜ ያራዝማል። የምድር አገልግሎቱ ጉልበቱን ይሰጣል፣ የሚያገኘው ግን የለም። እኛ ደግሞ ለኤሌክትሪኩ በየደቂቃው እናስከፍል ነበር። አብራሪው ገመዱን ባለመጠቀሙ የአገልግሎት ክፍያ ይቀርለታል ማለት ነው። ልቀቱ እንዲቀጥል የሚገፋፋው አንዱ የእኛው የታሪፍ ሠንጠረዥ ነበር።

መፍትሔው ከዚህ ወረቀት ወጣ። የኤሌክትሪኩ ክፍያ በየደቂቃው መሆኑ ቀርቶ በማቆሚያው ኪራይ ውስጥ እንዲካተት ሐሳብ አቀረብሁ። ቢሰካም ባይሰካም ከተከፈለ፣ የተከፈለበትን ነገር ማንም ሜዳ ላይ አይተወውም። የፋይናንስ ክፍሉ ገቢ ይቀንሳል ብሎ አጥብቆ ተከራከረ፤ ክርክሩ ተገቢ ነበር፣ የዓመት ሒሳብም አብረን ሠራን። ለምድር አገልግሎቱ ደግሞ ገመዱን ማገጃው ከተደረገ በኋላ በተወሰኑ ደቂቃዎች ውስጥ መሰካት በውሉ ላይ ክፍያ ያለው ሥራ ሆኖ ገባ። መሰኪያዎቹን በየፈረቃው የሚያይ ቴክኒሽያን ከእኛ ተመደበ። ሦስቱም ወገኖች የፈረሙት ይህኛው ውል ሁለት ገጽ ብቻ ነበር። ከቀድሞው ሰነድ በላይ ሠርቷል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ መሥመር ባለቤትና ዋጋ ነበረው።

አንድ ነገር ስቼ ነበር። ኤሌክትሪኩ ከተስተካከለ በኋላም በሞቃት ቀናት ረዳት ሞተሮቹ እንደገና ይነሡ ጀመር። መንገደኛ የሞላበት ካቢን ቀዝቃዛ አየር ይፈልጋል፤ ገመዱ ደግሞ መብራት እንጂ አየር አይሰጥም። ከድልድዩ የሚወጣ የቀዘቀዘ አየር መስመር አብሮ ካልተዘረጋ ሥራው ግማሽ ነው። ሁለቱን በአንድ በጀት አለመጠየቄ አንድ ሙሉ ዓመት አስከፍሎናል። ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ሁለቱን ፈጽሞ እንዳይለያይ አደራ እላለሁ።

መረጃ መለዋወጡም ቀላል አልነበረም። አየር መንገዶች ረዳት ሞተሩ ስንት ደቂቃ እንደሠራ መንገር አይወዱም፤ ከደቂቃው የነዳጅ ወጪያቸው ይሰላል፣ ያ ደግሞ የንግድ ምሥጢር ነው። የተስማማነው እያንዳንዱ የራሱን ቁጥርና የሁሉንም አማካይ ብቻ እንዲያይ ነው። የማንም ቁጥር ለሌላው አይገለጥም። እኔም ይህን ቃል አንድ ቀን እንኳ አላጠፍሁም፤ በአለቆቼ በኩል «የትኛው ነው መጥፎው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣም አልመለስሁም። ስድስት ወር ሳይሞላ ቁጥራቸው ከአማካዩ የከፋ የነበሩት ራሳቸው ሊያነጋግሩን መጡ።

እስካሁን የጻፍሁት ስለ ልቀት ነው፤ የሥራ አመራሩ ግን ከልቀቱ እኩል ዕድገት ይፈልግ ነበር። ሁለቱ ሁልጊዜ አይጣሉም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሙኒክ በአውሮፓ ቀድማ ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ ያደረገችው የጋራ ውሳኔ አሠራር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። አየር መንገዱ፣ የምድር አገልግሎቱ፣ የአየር ትራፊክ ቁጥጥሩና ማረፊያው አውሮፕላኑ ለመነሣት የሚዘጋጅበትን ሰዓት ሁሉም በጋራ ያውቃሉ። ሰዓቱ ከታመነ አውሮፕላኖች ሞተር አስነሥተው መንደርደሪያ ጫፍ ላይ አይሰለፉም። ነዳጁም ይተርፋል፣ መሳፈሪያ በሩም በጊዜው ይለቀቃል። ያው አንድ ሕንፃ ብዙ በረራ ያስተናግዳል፤ አዲስ ተርሚናል ለመገንባት የሚወጣው ሲሚንቶና ብድርም ለተወሰኑ ዓመታት ይዘገያል።

ዙሪክም እ.ኤ.አ. በ1997 ማረፊያ ክፍያን ከሞተር ልቀት ጋር ያያዘች ቀዳሚ ናት። አጋርነት ሁልጊዜ በልመና እንደማይመጣ ያሳየችኝ እርሷ ናት፤ ታሪፍ በደንብ ከተቀመጠ ከስብከት በላይ ይናገራል።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ ክፍል ግዥ ላይ የሠራነው ነው። ጨረታዎቻችን ሁሉ ትልልቅ ስለነበሩ በአካባቢው ያሉ ትንንሽ ጥገና ቤቶች መግቢያ አልነበራቸውም። ሥራውን ከፋፈልነው፤ የጨረታ ማስከበሪያውን ቀነስን፤ ክፍያ የሚፈጸምበትን ቀን አሳጠርን። ሦስተኛው ከሁለቱ ይበልጣል። ትንሽ ድርጅትን የሚገድለው ሥራ ማጣት ብቻ ሳይሆን የሠራበትን ገንዘብ ዘጠና ቀን መጠበቅም ነው። ዛሬ የኤሌክትሪክ ጎታች ተሽከርካሪዎችን ባትሪ የሚጠግኑልን እንዲህ የገቡ ናቸው።

ያልተሳካልኝን ደግሞ ልናገር። ዘላቂ የአቪዬሽን ነዳጅ ይባላል፤ ከአሮጌ የምግብ ዘይትና ከመሳሰሉት ይሠራል፣ ከተለመደው ነዳጅ ጋር እስከ 50 በመቶ ተቀላቅሎ በነባሩ ሞተር ይቃጠላል። ከጥሬ ዕቃው ጀምሮ እስኪቃጠል ድረስ ያለው ሁሉ ሲሰላ ልቀትን እስከ 80 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ኦስሎ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 በመደበኛው የነዳጅ መስመሯ ለሁሉም አየር መንገዶች ማቅረብ ጀምራለች። እኔም ተመሳሳይ ነገር ተመኘሁ። አምራቹ ግን ለዓመታት የሚዘልቅ የግዥ ውል ይፈልጋል፣ ማረፊያው ደግሞ ነዳጅ ገዢ አይደለም፤ አየር መንገዶቹ ዋጋው ከተራው ነዳጅ በብዙ ስለሚበልጥ ለረጅም ጊዜ መታሰር አልፈቀዱም። እኛ ማቅረብ የምንችለው ማከማቻውንና የዋጋ ልዩነቱን ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር። ያ አልበቃም፤ ውሉ ሳይፈረም ቀረ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2022 ለተስማሙበት የ2050 የተጣራ ዜሮ ልቀት ግብ ይህ ነዳጅ ዋናው መንገድ ስለሆነ ጉዳዩን አልተውሁትም።

አሁን ያለንበት ጥያቄ ከድልድይ ርቀው የሚቆሙ አውሮፕላኖችን የሚመለከት ነው። እዚያ ቋሚ ገመድ የለም፤ ኃይል የሚሰጠው በጎማ የሚጎተት የናፍጣ ጀነሬተር ነው። የምድር አገልግሎት ሰጪው በባትሪ የሚሠራ ለመግዛት ፈቃደኛ ነው፣ እኛም ቻርጀሩን ለመትከል ተዘጋጅተናል። ችግሩ የእርሱ ውል ሦስት ዓመት ሲሆን መሣሪያው ከአሥር ዓመት በላይ የሚያገለግል መሆኑ ነው። ውሉ ቢያልቅበት መሣሪያውን ምን ያደርገዋል? ማረፊያው በቀሪ ዋጋው እንዲገዛው የሚያስችል አንቀጽ ረቂቅ ጽፌያለሁ። የሕግ ክፍሉ አስተያየት ሐሙስ ይደርሰኛል፤ ከዚያ ወረቀቱን ይዤ ወደ እኚያ የፈረቃ ኃላፊ እወርዳለሁ።