ከጡረታ በኋላ ሳምንቴን ለገበያ ቀን ሰጠሁት

በ60 ዓመቴ ከማስተማር ሥራ በጡረታ ስሰናበት ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ብሩ ነበር። "ይበቃሃል? ልጆቹ ይደግፉሃል? የምታከራየው ነገር አለ?" ጥያቄው ልክ ነው። በዚህ ኑሮ የጡረታ አበል ሩቅ አያስኬድም። ነገር ግን "ሰኞ ጠዋት ምን ልትሠራ አስበሃል?" ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ለእኔ ትልቁ ጉዳይ እሱ ሆኖ ተገኘ።

አስተማሪ ሳምንቱን የሚያውቀው በክፍለ ጊዜ ነው። ደወሉ ሲቀር ማክሰኞው ከሐሙሱ አይለይም። ከእኔ በፊት ጡረታ የወጡ ጓደኞቼ ሲያማርሩ የምሰማው ይህንኑ ነበር። ጠዋት ሬዲዮ፣ ከሰዓት ደጃፍ፣ ማታ ዜና። ወሎ ውስጥ በመኖሬ ግን መላው ቅርብ ነበር። እዚህ ቀኑ በገበያው ይታወቃል። ቅዳሜ የላሊበላ ነው፣ እሑድ የሰንበቴ፣ ሰኞ የባቲ። እኛም ደሴ ላይ ሰኞ ገበያችን አለን። በመሀል በየወረዳው ትንንሽ ገበያዎች ይቆማሉ። እኔም ሳምንቴን በገበያ ቀን ላደራጀው ወሰንኩ። ደስ ብሎኝ እየኖርኩበት ነው። ሌላውም ጡረተኛ ቢሞክረው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የጀመርኩት ከቅርብ፣ ከሰኞ ገበያ ነው። ሥራ ላይ ሳለሁ ገበያ የባለቤቴ ድርሻ ነበር። ጡረታ ስወጣ ዘንቢሉን ተቀብዬ ተከተልኳት። እሷ አስተማሪ፣ እኔ ተማሪ ሆንን። ያሳየችኝን ላካፍላችሁ፤ ገበያ ደስ የሚለው ዕቃውን መለየት ሲችሉ ነውና።

ለቅቤ ዓይን አይበቃም። ትንሽ ቆንጥሮ እጅ ጀርባ ላይ ማሸት፣ ከዚያ ማሽተት ነው። ጥሩ ቅቤ በገላ ሙቀት ይቀልጣል፤ ሌላ ነገር የገባበትን ሽታው ያሳብቅበታል። ለጋው ለፀጉርና ለቂንጬ ነው፣ በሰል ያለው ለወጥ። ዛላ በርበሬ ከሆነ አንዱን አንስቶ መስበር ነው። የደረቀ ከሆነ ቀጭ ይላል፤ እርጥብ ከሆነ ይተጣጠፋል። እርጥቡን የገዛ ሰው የውኃ ኪሎ ከፍሎ ይመጣል፣ ቤት ሲገባም ይሻግትበታል። ጤፍ ደግሞ ትንሽ ጥርስ ላይ ጣል ይደረጋል። አሸዋ ካለው ወዲያው ይታወቃል። ምስር መዳፍ ላይ አድርገው እፍ ይሉታል፤ ገለባው ሲሄድ ጠጠሩ ብቻውን ይታያል።

ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ "በይ መርቂልኝ" ይባላል። ሻጯ አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ሳልጠይቃት የምትመርቅልኝ አንዲት የእህል ነጋዴ አለች፤ ከእሷ ወደ ሌላ አልሄድም። ገበያው ውስጥ ያስተማርኳቸው ልጆችም ይገጥሙኛል። አሁን የቤተሰብ ኃላፊ ሆነዋል። "ቲቸር! እርስዎ ደግሞ ዘንቢል ይዘው?" ብለው ከእጄ ሊቀበሉኝ ይጣደፋሉ። አልሰጥም። ዘንቢሉን እኔው ተሸክሜ ዳገቱን መውጣት እፈልጋለሁ።

ይህ ለጤናዬም ነው። ሐኪም "በየቀኑ ተራመድ" ሲለኝ ለጥቂት ጊዜ ሞከርኩ። ያለ ጉዳይ መራመድ ግን አይሆንልኝም። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ብርዱ እየቆረጠ፣ እንዲያው ለመራመድ ብሎ ከአልጋ መነሳት ይከብዳል። "ቆጭቆጫ የሚሆን ቃሪያ አልቋል" ስባል ግን ከመቅጽበት ነው የምነሳው። የደሴ መንገድ አንዱ ዳገት ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል፤ እግር የሚፈልገውን እዚያው ያገኛል። ጡረታ ለወጣ ሰው ምክሬ ይኸው ነው፦ እግርህን ጉዳይ ስጠው።

ሰኞ ገበያን ከለመድኩ በኋላ ዓይኔ ባቲ ላይ አረፈ። ያስተማርኩት ጂኦግራፊ ነው። ተማሪዎቼን ስለ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ሳስረዳ የምጠራው ይህንኑ መንገድ ነበር። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ወደ 1,850 ሜትር ይሆናል። ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው አስፋልት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ባቲ ናት፣ 1,500 ሜትር ገደማ። በአንድ ጠዋት አንድ ሺህ ሜትር ያህል መውረድ ማለት ነው። ደሴ ላይ የደረብነውን ጋቢ ኮምቦልቻ ላይ እናጥፋለን። ባቲ ላይ ሸሚዝም ይከብዳል። ይህን ሁሉ ዓመት ሰሌዳ ላይ የሣልኩትን ነገር በቆዳዬ ሳየው የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል።

የባቲ ሰኞ አገሪቱ ውስጥ ካሉት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነው። አፋሮች ከቆላው ግመልና ፍየል እየነዱ ይመጣሉ። የአካባቢው ኦሮሞ ገበሬዎች እህላቸውን ያወርዳሉ። ከደጋው የወጣው አማራም የራሱን ይዞ ይገባል። አፋርኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ መደብ ላይ ይነገራሉ። አንድ ሻጭ በሦስቱም ሲከራከር መስማት ብርቅ አይደለም። ብዙ እንግዳ የግመሉን ተራ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። እኔ ያ አይጥመኝም። ሰው ፎቶ ከመነሳቱ በፊት መጠየቅ አለበት። ደግሞም ባቲ የምታምረው ሲቀመጡባት ነው። ጥላ ያለው ሻይ ቤት ፈልጎ፣ ቅመም የበዛበት ሻይ አዝዞ፣ ግብይቱን መከታተል። ግመል ገዢው ዋጋ ሰምቶ እንዴት ጀርባውን ሰጥቶ እንደሚሄድ፣ ደላላው እንዴት እጁን ይዞ እንደሚመልሰው ማየት ቀኑን ሙሉ አይሰለችም። ባለቤቴ የሰሌን ምንጣፍ ትመርጣለች። እኔ ወቅቱ ከሆነ ጥንቅሽ እገዛለሁ። ጥርሴ እንደ ልጅነቴ ባይሆንም በቢላዋ እየላጥኩ እበላዋለሁ።

ለባቲ ማልዶ መነሳት ግድ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት መናኸሪያ ከተገኙ ፀሐዩ ሳይበረታ ይደርሳሉ። ከቀትር በኋላ ያለው ሙቀት ለደም ግፊት ታካሚ አይመችም። ውኃ፣ ባርኔጣና መድኃኒት ከእጅ አይለዩም። ማደር ካለ አጎበር ይያዝ፤ ቆላ ነው፣ ወባ አለ።

ሐይቅ ከተማ ከሁሉ የቀለለው ጉዞ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይበቃል። የምንሄደው ለዓሣው ነው። ቆሮሶው ሙሉውን ተጠብሶ በዳጣና በሎሚ ሲቀርብ ከባለቤቴ ጋር አንዱን ለሁለት እንበላለን። ጥሬውን ገዝታችሁ ወደ ቤት የምትወስዱ ከሆነ ስንጥቡን፣ የሚተነፍስበትን፣ ገልጣችሁ እዩ። ቀይ ከሆነ የዛሬ ነው። ከምሳ በፊት ወይም በኋላ እስጢፋኖስ ገዳም እሄዳለሁ። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ቦታ ነው። የሚገቡት ወንዶች ብቻ ስለሆኑ ባለቤቴ ውኃው ዳር ትቀመጣለች። እሷ እንደምትለው ትርፉ የእሷ ነው፤ ዝምታውን ብቻዋን ታገኘዋለች።

ረጅሙ መንገድ የላሊበላው ነው። ስለ እሱ የተማርኩት አንድ ነገር መቆራረጥን ነው። ወጣት በአንድ ቀን የሚጨርሰውን መንገድ ጡረተኛ በሁለት ቀን ቢሄደው የሚያሳድደው የለም። እኛ ወልዲያ እናድራለን። መንገዱ ራሱ ጉዞ ነው። በአምባሰል በኩል ስናልፍ ሾፌሩን የአምባሰል ቅኝት ዘፈን እንዲከፍትልን እንለምነዋለን። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ አራቱንም ወሎ የኔ ይላቸዋል። ተራራውን በመስኮት እያዩ መስማት ቤት ውስጥ ከመስማት በጣም ይለያል። ውጫሌ አካባቢ ስንደርስ አብሮን የሚጓዝ የታሪክ አስተማሪ ጓደኛዬ ስለ 1881ዱ ውልና ስለ አንቀጽ 17 ማውራት ይጀምራል። እኔ በደስታ ነው የምሰማው፤ ቦታው ላይ ሆኖ ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። መርሳ ላይ ወርደን ብርቱካንና ፓፓያ እንገዛለን።

ላሊበላን ለማየት ገናን መምረጥ የብዙ ሰው ምኞት ነው። ታኅሣሥ 29 በቤተ ማርያም ካህናቱ ቤዛ ኩሉ ሲሉ መስማት በእውነት ዕድሜ ያስረዝማል። ነገር ግን ግፊያው ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበቱ የደከመ ሰው ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በኋላ ቢሄድ 11ዱንም አብያተ ክርስቲያናት ተረጋግቶ ይሳለማል። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ያድርግ፣ በየደጃፉ ማውለቅ አለና። ወፍራም ካልሲ ይጠቅማል። ጨለማ መተላለፊያዎች ስላሉ ባትሪም ይያዝ። ጉዞው ቅዳሜን እንዲያካትት አድርጉ፤ ገበያው ላይ ነጩ የላስታ ማር አለ። ቤት ስንመለስ በትኩስ ቂጣ የምንበላው እሱን ነው።

አሁን ወደ ብሩ ልመለስ። ይህን ሁሉ በጡረታ አበል እንዴት እንደምንችለው ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጥቂት ጡረተኞች ሆነን ዕቁብ ገባን። በየወሩ አበሉ ባንክ ሲገባ እኩል እናዋጣለን። ዕጣ የወጣለት ግን ብሩን ይዞ አይሄድም። የሚመርጠው መድረሻውን ነው። ገንዘቡ ለሁላችንም ትራንስፖርትና ምሳ ይውላል። ከተረፈ ለቀጣዩ ይቀመጣል። ቤት ውስጥም የገበያ ብር ከሌላው ወጪ ለብቻው ይቀመጣል፤ እሱ ካለቀ ገበያ የምንሄደው ለማየትና ሰላም ለማለት ብቻ ነው። ያም ቢሆን ባዶ ቀን አይደለም።

ስለ መንገዱም ሳልናገር ባልፍ ደግ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ገበያ ያጣንባቸውን ሳምንታት አልረሳም። ከዚያ ወዲህም መንገድ ሁሌ ክፍት አይሆንም። ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት በዋዜማው መናኸሪያ ሄጄ ከዚያ አቅጣጫ የመጡትን ሾፌሮች እጠይቃለሁ። ቅር ካላቸው አንሄድም። ዕጣ የወጣለት ሰው ቢያዝንም "አብሽር፣ ቀን አለ" ብለን እናጽናናዋለን። ያን ቀን ደሴ ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽን እናያለን፣ ወይም ቡና እንጠጣለን።

ቡናውማ የዘወትር ነው። ከጎረቤቴ ከሐጂ ቤትና ከእኛ ቤት ተራ በተራ ይፈላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ዕጣኑ ሲጨስ ሐጂ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ባለቤቴም አሜን ትላለች። ሥራ ላይ ሳለሁ በረካውን ቀምሼ አላውቅም ነበር፤ ሁሌ አቦሉን ጠጥቼ እሮጣለሁ። የቅሬው፣ የዕድራችን፣ ሥራም የሚታቀደው እዚሁ ነው። ለቅሶ ሲኖር ድንኳን የሚተክሉት ወጣቶቹ ናቸው፤ መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። በሐዘንም በደስታም ሰው የሚፈልገኝ መሆኑን ማወቅ ከየትኛውም ጉዞ አያንስም። ብቻውን የሚኖር ጡረተኛ ካለ ከሁሉ በፊት ቡና የሚጠራራበት ጎረቤት ያብጅ፤ ገበያውም ጉዞውም ከዚያ ይመጣል።

ዘንድሮ ዕጣው ለባለቤቴ ወጥቶ ግሸንን መርጣለች። መስከረም 21 ሕዝቡ ስለሚበዛ ጥቅምት ላይ፣ መንገዱ ሲደርቅ ነው ያሰብነው። ዳገቱ ከባድ ስለሆነ ከአሁኑ በየጠዋቱ ረዘም ያለውን መንገድ መርጠን እንሄዳለን። ሐጂም ካልመጣሁ ብለዋል። እኛ ተሳልመን እስክንወርድ ከታች ሆነው የአምባሰልን ማር ዋጋ ሊጠይቁልን ተስማምተናል፤ ማር መለየት ከሁላችንም እሳቸው ይሻላሉ።